አስቸኳይ፦ ወደ ጠፈር ጣቢያው የምልከው ፓኬት አይመለስልኝም

ሰንጋ ተራ፦
እባካችሁ ቶሎ! ጣቢያው ዛሬ 11:20 ላይ ያልፋል፣ 40 ደቂቃ ነው የቀረኝ። በእጅ ሬዲዮዬ 145.825 ሜጋኸርዝ ላይ የሌሎችን ፓኬት (ወደ ድምፅ ተቀይሮ በሬዲዮ የሚላክ አጭር ጽሑፍ) ጣቢያው ተቀብሎ ሲደግመው እሰማለሁ፣ ስልኬም ያነበዋል። የእኔ ግን አንዴም ተመልሶ አያውቅም። ትናንት ስድስት ጊዜ ላክሁ፣ ምንም። ነገ ጠዋት ለሰፈራችን በጎ ፈቃደኞች ላሳያቸው ቃል ገብቻለሁ። በ2017 ፈንታሌ በኩል በተንቀጠቀጠ ጊዜ ፎቃችን ሌሊት ሲወዛወዝ ደረጃው ላይ ቆሜ እናቴ ጋር ብደውል ብደውል ስልኩ እምቢ አለኝ። ያን ሌሊት አልረሳውም። ምኑን ልቀይር?

አሮጌ ሽቦ፦
ልጄ፣ በቅድሚያ ፈቃድ አለህ ወይ? ማዳመጥ ሌላ፣ ማስተላለፍ ሌላ። ጥሪ ምልክት (ከፈቃዱ ጋር የሚሰጥ የሬዲዮ መለያ) ሳትይዝ የማስተላለፊያ ቁልፉን እንዳትነካ። ሁለተኛ፣ የምትጠራው ነገር 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ነው፤ ከአድማስ እስከ አድማስ ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ነው የምታገኘው። በጥድፊያ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሰንጋ ተራ፦
ጋሼ፣ ፈቃድ አለኝ። የተማርኩትም አምስት ኪሎ፣ የአማተር ሬዲዮ ክለቡ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ላይ ነው። 34 ደቂቃ ቀረኝ።

ጎላ ሚካኤል፦
ሰዓቱን አጣራ። መተግበሪያው በግሪንዊች 14:20 የሚልህ ከሆነ ሦስት ደምረህ የፈረንጁን 17:20፣ ሦስት ቀንሰህ የእኛን 11:20 ታገኛለህ። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ሰንጋ ተራ፦
ሰዓቱ ልክ ነው፣ ሲያልፍ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ እኮ!

ቦሌ፦
ጣራ ላይ ውጣ። ሰንጋ ተራ ከሆንክ ሰማዩን የባንክ ሕንፃዎቹ ይዘውታል፣ በረንዳ ላይ ቆመህ አይሆንም። አንቴናውንም ቀጥ አድርገህ አትያዝ፣ ጣቢያው በሄደበት አዘንብለውና አዙረው። መተግበሪያው ውስጥ ፓዝ (ፓኬቱን ማን ይድገመው) የሚለው ቦታ ላይስ ምን ጻፍክ? ለምድር የምንጠቀምበት ዋይድ1-1 ከሆነ አጥፋውና አሪስ በለው፦ ኤ፣ አር፣ አይ፣ ኤስ፣ ኤስ።

ሰንጋ ተራ፦
ፓዙ አሪስ ነው። ጣራ ላይ ነኝ።

አሮጌ ሽቦ፦
እኔ ከመነሻውም አልስማማም። ለአደጋ ጊዜ ብለህ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያልፍን ነገር ትጠብቃለህ? አጭር ሞገድ ይሻልሃል። በእኛ ክልል ለድንገተኛ ጊዜ መገናኛ 7110 ኪሎኸርዝ አለ፤ ሽቦህን ዝቅ አድርገህ ብትዘረጋ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ ይመለስና ቀን ላይ ባሕር ዳር፣ ደሴ ይደርስልሃል። ሳተላይት ካልክም ኪውኦ-100 የሚባል ለአማተር ሬዲዮ የሚያገለግል አለልህ። በ25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ተተክሎ ቆሟል፣ አያልፍም፣ አይጠልቅም። ከአዲስ አበባ ዲሹን ወደ ደቡብ ምዕራብ አዙረህ 71 ዲግሪ ያህል ቀና ማድረግ ነው።

ጎላ ሚካኤል፦
ጋሼ፣ ልጁ 20 ደቂቃ ቀርቶት ዲሽ ይትከል? ወንድሜ፣ ስኳልቹን (ደካማ ድምፅ የሚዘጋውን) ክፈተው። ቶን (የተወሰነ ድምፅ ካልሰማ ሬዲዮውን ዝም የሚያሰኝ) ካለም አጥፋ።

ፒያሳ፦
አሁን ነው ያየሁት። ስልኩን ከሬዲዮው ጋር በምን አገናኘኸው?

ሰንጋ ተራ፦
በድምፅ ገመድ፣ በቮክስ። ይህም ችግር አለው?

ፒያሳ፦
ሁሉም ችግር እዚያ ነው፤ ለዚያውም ሁለት ነው። ቮክስ የስልኩን ድምፅ ሰምቶ ማስተላለፊያውን በራሱ እስኪከፍት ጊዜ ይወስዳል፣ የፓኬትህ መጀመሪያ ተቆርጦ ይቀራል። መጀመሪያው ከተቆረጠ ደግሞ ጣቢያው ሙሉውን ይጥለዋል። መተግበሪያው ውስጥ የማስተላለፊያ መዘግየት የሚለውን ወደ 700 ሚሊሰከንድ አሳድግ፣ የስልኩን ድምፅም ከግማሽ በታች አድርገው፣ ከጮኸ ይበላሻል። ሁለተኛው ይበልጣል። ቮክስ ስትጨርስ ቶሎ አይለቅም፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ቁልፉን ይዞ ይቆያል። ጣቢያው ግን ፓኬትህን እንደተቀበለ ወዲያው ነው የሚደግመው። አንተ ገና እያስተላለፍክ ስለሆነ አትሰማውም። ምናልባት እስካሁን ተመልሶልህ ይሆናል! ለነገ ፒቲቲ ያለው (የማስተላለፊያ ቁልፉን ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ) ገመድ ፈልግ። ለዛሬ ሌላ ሰው ያዳምጥልህ።

ቦሌ፦
እኔ አዳምጣለሁ። ጣቢያው ከዚያ ከፍታ ሲደግም ዙሪያውን 2000 ኪሎ ሜትር ይሰማል፣ ቦሌ ምን አላት። ላክ፣ ግን አታብዛ። በአንድ ማለፊያ ሁለት ሦስቴ ይበቃል፣ ድግግሞሹ (145.825) ለብዙ አገር ሰው አንድ ነው።

ሰንጋ ተራ፦
አስተካከልኩ። እየወጣ ነው።

ቦሌ፦
11:24 ላይ አንድ፣ 11:26 ላይ ሌላ! ጥሪ ምልክትህ ጥርት ብሎ ከጣቢያው ተመልሷል፣ በስልኬ ይዤዋለሁ። ጽሑፉ ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ነው የደረሰኝ። በእኛ ፊደል ነው እንዴ የጻፍከው? አንድ ፊደል 3 ባይት ይበላል፣ መልእክቱ ደግሞ ከ67 አያልፍም፣ ተቀባዩም ላያነበው ይችላል። አማርኛውን በላቲን ፊደል ጻፈው፣ ስም፣ ሰፈር፣ «ደህና ነኝ»፤ በቃ። እናትህም የምታነበው ሰው አጠገቧ ካለ ይበቃታል።

ፒያሳ፦
እሰይ! ሰንጋ ተራ፣ አንተስ ጋ ታየ? ገመዱን ካጣህ እኔ ጋ አንድ ትርፍ አለ፣ ነገ ከ2 ሰዓት በፊት ከመጣህ እሰጥሃለሁ።

ጎላ ሚካኤል፦
ሰንጋ ተራ፣ አለህ?