የካንጋሮ እንክብካቤ ማስፋፊያ ጥናት ገንዘብ ተከለከለ፤ ፕሮፖዛሉ ምን ጎደለው?

ጥያቄ፦ የካንጋሮ እንክብካቤን (ትንሽ ክብደት ይዞ የተወለደን ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ማቀፍ) በ12 ሆስፒታሎች ለማስፋፋት የትግበራ ምርምር (ጥቅሙ የታወቀ አሠራር በተግባር እንዴት እንደሚሰጥ የሚያጠና) ፕሮፖዛል አስገብተን «ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ አዲሱ ነገር ምንድን ነው?» ተብለን ተመለሰ። ዋናው መለኪያ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ነበር። ምን ይቀየር?

መልስ 1፦ መለኪያው። በ2021 የታተመው የአምስት አገራት ጥናት፣ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው መጀመሩ የ28 ቀን ሞትን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሰጥ ብሏል። ስለዚህ «ከ2,500 ግራም በታች ከተወለዱት ስንቶቹ 8 ሰዓት አገኙ? ያላገኙትስ ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰዓቱ በየፈረቃው ይመዝገብ፤ ጠዋት ላይ በግምት የሚሞላ ቅጽ ዋጋ የለውም። ሞት ሁለተኛ መለኪያ ይሁን።

መልስ 2፦ ናሙናውንም እዩት። የአንድ ሆስፒታል ሕፃናት ውጤት ይመሳሰላል። ከየሆስፒታሉ 30 ሕፃናት ወስዳችሁ የመመሳሰል መጠኑ 0.05 ቢሆን፣ 1 + (29 × 0.05) = 2.45፤ በተለመደው ስሌት የወጣው ናሙና በዚህ ይባዛል። 12 ሆስፒታል ላይበቃ ይችላል።

መልስ 3፦ በእኔ እይታ ብዙ ፕሮፖዛል የሚወድቀው በጀቱ ላይ ነው። እንክብካቤውን የሚሰጡ ነርሶች በፕሮጀክት ደመወዝ ከተቀጠሩ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ አገልግሎቱም ይቆማል። ለመረጃ ሰብሳቢና ለክትትል ብቻ ክፈሉ። የእናት አልጋና ምግብ ግን አይረሳ፤ መተኛ የሌላት እናት 8 ሰዓት ልታቅፍ አትችልም። ከጥናቱ በኋላ ወጪውን ማን እንደሚሸከም የሚገልጽ የሆስፒታሉን ደብዳቤ አያይዙ።