ከምሽቱ 5 ሰዓት «ቲቸር ተኙ?» ለሚለኝ ተማሪ ምን ልመልስ?

የኬሚስትሪው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የ10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ዓምና ለክፍሌ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ። ሐሳቤ ወርክሺትና የፈተና ቀን ልለጥፍበት ነበር፣ በቃ። አሁን ስልኬ ማታ ማታ ገበያ ሆኗል። ከምሽቱ 5 ሰዓት አንዱ «ቲቸር ተኙ?» ይለኛል። ተኝቼ ነበር እኮ! ካልመለስኩ ደግሞ ጠዋት ክፍል ስገባ «ማታ አይተውኝ ዝም አሉኝ» ነው። ሁለቷን ራይት አይቶ።

ልዝጋው እልና አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ከኋላ ነው የምትቀመጠው፣ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ አታውቅም። አንድ ማታ የደብተሯን ገጽ ፎቶ አንስታ በውስጥ መስመር ላከችልኝ። ጥግ ላይ የተላጠ ሽንኩርት ይታያል፣ ወጥ እየሠራች ነው የምታጠናው ማለት ነው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ውኃ ሲሆኑ ያለውን ኢኩዌሽን ባላንስ ማድረግ፣ ማለትም የአተሞቹን ቁጥር ግራና ቀኝ እኩል ማድረግ ነበር የቤት ሥራው። «ቲቸር፣ የጎደለው ኦክስጅን ሆኖ ሳለ 2ቱን ሃይድሮጅን ፊት ለምን አደረጉት?» አለችኝ። ግማሹ ክፍል ያልገባው እኮ ይሄ ነበር! ቀን ላይ «ገባችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ» ነው ያሉኝ።

እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? ልዝጋው ወይስ ልቻለው?

የፕላዝማ ልጅ፦
እንዳትዘጋው ወንድሜ። እኛ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሃይስኩል የገባን የፕላዝማ ልጆች ነን። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይነጉዳል። ጥያቄ ይሰጥህና ገና አንብበህ ሳትጨርስ መልሱን ነግሮህ ያልፋል። አስተማሪያችን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበረው። መሃሉን እሱም እንደኛ ተመልካች ነው። እጅህን ብታወጣ ማን ያይሃል? መብራት ሲጠፋ ደስ ይለን ነበር፣ ያኔ ቲቸር ጠመኔውን አንስቶ «እስቲ ምኑ ነው ያልገባችሁ?» ስለሚለን። እውነቴን ነው፣ ሒሳብ የገባኝ መብራት በጠፋባቸው ቀናት ነው። የዛሬ ልጅ ስክሪኑን መልሶ መጠየቅ ከቻለ ትልቅ ነገር ነው።

ቲቸር እናት፦
ግሩፑን አትዝጋው፣ የውስጥ መስመሩን ግን ዝጋ። በተለይ ወንድ መምህር ከሆንክ በምሽት ከሴት ተማሪ ጋር ለብቻ መጻጻፍ ለሷም ላንተም ጥሩ አይደለም። ምንም ክፉ ነገር ባይኖር እንኳ ነገ ማን ምን እንደሚል አታውቅም።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ። መጀመሪያ ሴቲንግ ገብቼ ስልክ ቁጥሬን ማንም እንዳያየው አድርጌዋለሁ። ከዚያ ለግሩፑ ሰዓት አወጣሁለት። ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ክፍት ነው፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን አባላት መጻፍ እንዳይችሉ አጠፋዋለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት አኮረፉኝ፣ ከዚያ ለመዱት። ሌሊት የታሰበኝን ነገር ራሱ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብዬ ይዤ ለጠዋት 1 ሰዓት ቀጠሮ አስይዘዋለሁ። እኛው ሌሊት እየጻፍን እነሱን አትጻፉ ማለት አይሆንማ።

ለዓይን አፋሮቹ ደግሞ «አንድ ተማሪ ጠይቆኝ» ብዬ ስም ሳልጠራ ጥያቄያቸውን ራሴ አቀርብላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ አታንጠልጥል። በየካቲት 2015 ሲዘጋ ለ5 ወር ያህል ቪፒኤን ያለው ብቻ ነበር ኖት የሚያገኘው። ሰሌዳ ግን አይዘጋም :)

የሁለት ልጆች እናት፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ እንደ ወላጅ ልናገር። እኛ ቤት ስማርት ስልክ አንድ ነው፣ እሱም የኔ። ቀን ሥራ ላይ ይዤው እውላለሁ። ማታ ስገባ ልጄ ሰላም ሳትለኝ ስልኩን ነው የምትቀበለኝ። ግሩፑን ስትከፍተው መቶ ምናምን መልእክት፣ ግማሹ ስቲከርና «ደህና አደራችሁ» ነው። «ነገ ፈተና አለ» የምትለዋ አንዲት መስመር እዚያ መሃል ጠፍታ ልጄ ሳታጠና ሄዳ ተፈተነች። ቤት መጥታ አለቀሰች። ድሮ በመገናኛ ደብተር ጽፋችሁ ስትልኩልን እኮ ፈርመን እንመልስ ነበር። እባካችሁ የፈተናን ነገር ክፍል ውስጥም ተናገሩልን።

12ኛ ክፍል ነኝ፦
ቲቸሮች ግን 5 ሰዓት የምንጽፈው ልናስቸግራችሁ አይደለም በእናታችሁ 😭 የማታ ፓኬጅ ስለሚረክስ ነው። ቀን በምን ካርድ? ደግሞ «ተኙ?» የምንለው በትህትና ነው፣ ዝም ብለን ጥያቄውን ብንልክ ባለጌ ትሉናላችሁ።

የኬሚስትሪው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፓኬጁን ነገር በጭራሽ አስቤው አላውቅም፣ እኔ ሥራ ፈትተው የሚያመሹ ነበር የመሰለኝ።

የእናትየውን ካነበብኩ በኋላ ስም መጥሪያዬን ከግሩፑ ጋር አስተያየሁት። ከ48ቱ 17 ልጆች ግሩፑ ውስጥ የሉም። ዓመት ሙሉ «ግሩፑ ላይ ለጥፌዋለሁ» እያልኩ ስወጣ ነበር።

ዛሬ የቲቸር እናትን ዘዴ ሞከርኩት። «አንድ ተማሪ ጠይቆኝ» ብዬ የሃይድሮጅኑን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። የሽንኩርቷ ልጅ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። ከፊት ወንበር፣ ከኔ ሁለት እርምጃ የማይርቅ አንዱ «ቲቸር፣ ይሄን እኔም ልጠይቅዎት ነበር» አለኝ። «ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?» አልኩት።

«ካርድ አልነበረኝም» አለኝ።