ኦሳን ለአንጎላው ሞዳችን ላቀርብ ነው፤ ምን ብዬ ላሳምናቸው?

ጥያቄ ፦ ናቲ ስድስት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር አርማ 3 ለሚባለው የጦርነት ጌም ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው የሚሠሩት ተጨማሪ ይዘት) እየሠራን ነው። ቦታው ደቡብ አንጎላ፣ ጊዜው 1987 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ የሎምባ ወንዝ ውጊያ ነው። በአንድ ወገን የአንጎላ መንግሥት ጦር ፋፕላ፣ በሌላው ወገን ደቡብ አፍሪካና የአንጎላው አማፂ ቡድን ዩኒታ። ታንኩም፣ መድፉም፣ የደቡብ አፍሪካ ተዋጊ አውሮፕላን ሚራዡም ተሠርቶ አልቋል። የቀረን የፋፕላ አየር መከላከያ ነው።

እኔ ኦሳ ይግባ ባይ ነኝ። ለማያውቀው፦ ስድስት ጎማ ያለው፣ ከምድር ወደ አየር ሚሳኤል የሚተኩስ የሶቪየት ተሽከርካሪ ነው። ኔቶ ኤስኤ-8 ጌኮ ይለዋል። ፈላጊ ራዳሩም፣ ዒላማ ተከታታይ ራዳሩም፣ ሚሳኤሎቹም አንድ መኪና ላይ ናቸው።

የቡድናችን አስተባባሪ ግን አልተዋጠለትም። «10 ኪሎ ሜትር የሚመታ ነገር ካስገባን ማን አውሮፕላን ያበራል?» አለኝ። እስከ እሁድ በጽሑፍ አምጣና እንየው ብሏል። ሦስት ነገር እርዱኝ። የትኛውን ዓይነት ላቅርብ? ሚዛኑ እንዳይዛባ ምን ልበል? የሚታመን መረጃስ ከየት ላግኝ?

መልስ ፦ ሰማይ ጠባቂ

ናቲ፣ መጀመሪያ ዓይነቱን ለይ። በ1971 አገልግሎት የጀመረው ኦሳ ያልተሸፈኑ አራት ሚሳኤሎች ነበሩት። በ1975 የመጣው ኦሳ-አካ ስድስት ሚሳኤል በዝግ ሳጥን ይዟል። በ1980 ኦሳ-አካኤም ተከተለ፤ እሱ በተለይ ሄሊኮፕተር ላይ እንዲበረታ የተሻሻለ ነው። ፎቶ ስታይ ጣሪያውን ተመልከት። ሚሳኤሉ ራሱ ከነክንፉ ከታየህ የመጀመሪያው ነው። ሳጥን ካየህ ከኋለኞቹ አንዱ ነው። ከዚያው ከጦር ሜዳው የተነሱ ፎቶዎችን ሰብስብና በዚያ ወስን።

ዋናው ክርክርህ ግን ታሪኩ ይሁን። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1987 ሎምባ ላይ አንዲት የደቡብ አፍሪካ የቅኝት አውሮፕላን፣ ቦስቦክ የምትባለው፣ በኦሳ ተመትታ ወደቀች። ልክ በወሩ፣ ኦክቶበር 3፣ የፋፕላ 47ኛ ብርጌድ ወንዙ ዳር ሲመታ ደቡብ አፍሪካውያን ኦሳ ማረኩ። ያኔ ይህን መሣሪያ በእጃቸው አስገብተው ሊመረምሩት የሚመኙ ብዙ ነበሩ። ለሞዳችሁ ከዚህ የተሻለ ተልዕኮ ከየት ይመጣል? አንዱ ቡድን ኦሳውን ከረግረጉ ሊያወጣ ይታገላል፣ ሌላው ሳይቃጠል ሊማርከው ይሮጣል። ይህን የመጀመሪያው አንቀጽህ ላይ አድርገው። የኪሎ ሜትሩን ሠንጠረዥ ወደ ታች አውርደው።

መልስ ፦ ሉሲ ጌመር

የአስተባባሪህ ስጋት ትክክል ነው፤ አትናቀው። እኔ አርማ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አብራሪ ነኝ። ራዳሩ ሁሌ በርቶ የሚጠብቅ፣ ያየውን ሁሉ ወዲያው የሚተኩስ ኦሳ ካስገባችሁ በቃ፣ ሰርቨሩን ለቅቄ እወጣለሁ።

ግን ጨዋታው ራሱ መፍትሔ አለው። በ2017 ጄትስ ከሚባለው የጌሙ ማስፋፊያ ጋር የመጣው የሴንሰር ሥርዓት ራዳርን ማብራትና ማጥፋት ያስችላል። ራዳሩ ሲበራ አብራሪዋ ታውቃለች። ሲጠፋ ደግሞ ኦሳው ራሱ ዓይኑን ጨፍኗል። ኦሳውን የሚነዳው ተጫዋች መቼ እንደሚያበራ ማሰብ አለበት፤ ጨዋታውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

በተጨማሪ እውነተኛ ድክመቶቹን ጻፍ። ከ1.5 ኪሎ ሜትር የቀረበውን አይመታም። ከፍታው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። ዒላማውን ካየ እስከሚተኩስ ከ20 ሰከንድ በላይ ሊፈጅበት ይችላል፤ ዝቅ ብሎ በኮረብታ መሀል ለሚበር ሰው 20 ሰከንድ ትልቅ ዕድል ነው። የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዛፍ ጫፍ ለጫፍ እየበረሩ ይመጣሉ፣ ለአፍታ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ቦምቡን ይወረውራሉ፣ ወዲያው ዞረው ዝቅ ይላሉ። ኦሳ ከሌለ ሞዳችሁ ውስጥ ማን እንደዚያ ይበራል? ሁሉም ከላይ ሆኖ ዘና ብሎ ነው የሚጥለው። ለአስተባባሪህ ይህን ንገረው።

መልስ ፦ ፔቾራ 17

ልጆች፣ ጌሙን አላውቀውም። ልጄ ነው ያሳየኝ። በደርግ ጊዜ አየር መከላከያ ውስጥ ፔቾራ በሚባለው የሶቪየት ፀረ-አውሮፕላን ሚሳኤል ላይ ሠርቻለሁ። ኦሳ ላይ አልሠራሁም፤ የሚሳኤሉ አመራር ግን በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም በሬዲዮ ትእዛዝ ነው የሚመሩት።

ይህ ማለት ሚሳኤሉ የራሱ ዓይን የለውም። ምድር ላይ ያለው ራዳር ዒላማውንም ሚሳኤሉንም ይከታተላል። ማሽኑ ልዩነቱን ያሰላል፣ ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች እያለ በሬዲዮ ያዝዘዋል። እኛ ዘንድ ይህ የብዙ ሰው ሥራ ነበር። ካቢኔው ጨለም ያለ ነው፣ ሙቀቱ ያፍናል። በእጅ ስንከታተል አንዱ ርቀቱን ይይዛል፣ ሁለቱ ማዕዘኖቹን። እጃችን መዞሪያው ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ምልክት ከመስመሯ ላለማውጣት ትንፋሽ እንኳ ይያዛል። አንዱ ካመለጠችው የሌሎቹ ድካም መና ቀረ። ሚሳኤሉ እስኪደርስ ድረስ ዒላማውን መልቀቅ የለም።

ስለዚህ ናቲ፣ ጌማችሁ ውስጥ «ተኩሶ መርሳት» እንዳይኖር። ተኳሹ እስከ መጨረሻው ይከታተል። አውሮፕላኑ ከኮረብታ ጀርባ ከገባ ሚሳኤሉ ይጥፋ። ሌላው ደግሞ ራዳር አብርቶ መቀመጥ ነው። አዛዦቻችን በዚህ ቀልድ አያውቁም ነበር። ያለ ትእዛዝ ማሰራጫ መክፈት ከባድ ጥፋት ነው፤ ያለህበትን ለጠላት መንገር ነውና።

መልስ ፦ ኪያ 3ዲ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እንዲህ ያለ ነገር የትም አይገኝም።

ናቲ፣ እኔ በሞዴሉ በኩል ልርዳህ። ርዝመቱን 9.1 ሜትር፣ ስፋቱን 2.8 ሜትር ገደማ አድርገው። ከፍታው ራዳሩ ሲቆም 4.2 ሜትር ይደርሳል። ከላይ ያለው ፈላጊ አንቴና ለጉዞ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ይህን እንቅስቃሴ ብትደክምም ሥራው። አንቴናው ከታጠፈ ራዳር የለም፤ ከሩቅ በቢኖክላር የሚያይ እግረኛ እንኳ ኦሳው ዝግጁ መሆን አለመሆኑን ያውቃል። ሉሲ ያለችውን ማብራትና ማጥፋት ከዚህ ጋር አገናኘው።

ከፊት ያለው ትልቁ ክብ ዒላማ ተከታታዩ ነው። ከግራና ከቀኙ ያሉት ትንንሾቹ ለሚሳኤሎቹ ናቸው። ሁለት የሆኑትም አንድ ዒላማ ላይ ሁለት ሚሳኤል መምራት ስለሚችል ነው። ጎማዎቹን ደግሞ ልብ በል። የፊተኛውና የኋለኛው ጥንድ ይታጠፋሉ፣ መሀለኛው አይታጠፍም። ብዙ ሞዴል ሠሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሰውነቱ የጀልባ ቅርጽ አለው፣ ውኃ ላይ በራሱ ይሄዳል። በመንገድ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሮጣል፣ በውኃ ግን 8 ገደማ ነው። ሎምባን ለማሻገር ለምትፈልጉት ተልዕኮ ይህ ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው።

መልስ ፦ አቤል ሚራዥ

እኔ እቃወማለሁ። ለትንሽ ቡድን ኦሳ ብዙ ሥራ ነው። ስትሬላ-1ን ለምን አታቀርቡም? ቢአርዲኤም-2 የሚባል ብረት ለበስ መኪና ላይ የተጫነ፣ አራት ሚሳኤል ያለው፣ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ። የራሱ ፈላጊ ራዳር የለውም። ተኳሹ በዓይኑ ፈልጎ ነው የሚያነጣጥረው። አንጎላም ነበራት። ቢአርዲኤሙ ካላችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። የሚዛኑም ጭቅጭቅ ይቀራል።

መልስ ፦ ሰማይ ጠባቂ

አቤል ያለው ለመጠባበቂያ ጥሩ ነው። ናቲ፣ ከታች «ኦሳ ካልተቻለ» ብለህ አስገባው። ግን ሎምባ ላይ የተማረከውንና ቦስቦኳን የጣለውን ትቶ ሌላ ማስገባት ታሪኩን ያጎድለዋል። እኔ ኦሳውን አልለቅም።

ኦሳ የማይበገር አለመሆኑንም አስረዳ። በጁላይ 24 ቀን 1982 የሶሪያ ኦሳ ሊባኖስ በቃ ሸለቆ ላይ የእስራኤልን ኤፍ-4 ፋንተም ጥሏል። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ሸለቆ ያሉት ኦሳዎች ራሳቸው በአየር ተመቱ። በ2020 በናጎርኖ-ካራባህ ጦርነት ደግሞ የአርመን ኦሳዎች በባይራክታር ድሮን ሲቃጠሉ በቪዲዮ ዓለም አይቷል።

ናቲ ስድስት ኪሎ

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ልጅ ቴሌግራም ላይ የኦሳን መመሪያ ልኮልኛል፤ ሽፋኑ ላይ «ምስጢር» የሚል ማኅተም ያለ ይመስላል። ደግሞ የአክስቴ ልጅ ግሪክ ነው ያለው። ግሪክ እስካሁን ኦሳ ስላላት ወደ ካምፑ ሄዶ ፎቶ ያንሳልኝ?

መልስ ፦ አቴንስ ነዋሪ

ወንድሜ፣ በፍጹም! የአክስትህን ልጅ እንዳትልከው። አርማ 3ን የሠራው የቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ ሁለት ሠራተኞች በሴፕቴምበር 2012 እዚህ ሌምኖስ ደሴት ላይ በስለላ ተጠርጥረው ታሰሩ። ወታደራዊ ቦታ ፎቶ አንስታችኋል ተብለው ነው። የጌሙ ደሴት አልቲስ የተሠራችው በሌምኖስ መልክ ነው። በዋስ የተፈቱት በጃንዋሪ 2013 ነበር። ትልቅ ድርጅትና መንግሥት ከኋላቸው እያለ አራት ወር እስር ቤት ቆዩ። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው አበሻ ቢያዝ ምን እንደሚገጥመው አስበው። ፎቶ ከፈለግህ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሰልፍና ሙዚየም ይበቃል።

መልስ ፦ ሰማይ ጠባቂ

መመሪያውንም አትንካው፣ ለሌላም አታስተላልፈው። ዋር ተንደር በሚባለው ሌላ የጦርነት ጌም መድረክ ላይ በ2021 የቻሌንጀር 2ና የለክሌር ታንክ ምስጢራዊ ሰነድ የለጠፉ ሰዎች ነበሩ። አዘጋጆቹ ሰነዱን አነሱት፣ ለሥራቸውም አልተጠቀሙበትም። ሕጋዊ ጣጣውን ትተን፣ የማይጠቅም መረጃ ነው።

ለሕዝብ ክፍት የሆነውን ውሰድ። የአሜሪካ ጦር በ1991 ያወጣው ኤፍኤም 100-2-3 የሚባል መጽሐፍ ስለ ሶቪየት ጦር መሣሪያና አደረጃጀት ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ኦሳ አለበት። ኦሳ መጀመሪያ በአደባባይ የታየው በ1975 የሞስኮ ሰልፍ ላይ ስለሆነ ከዚያ ጀምሮ ጥሩ ፎቶ ሞልቷል። ለያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንዳመጣኸው አጠገቡ ጻፍ። ሁለት ምንጭ ካልተስማማ ሁለቱንም አስቀምጥ። አስተባባሪህ እምነት የሚጥልብህ በዚህ ነው።

ናቲ ስድስት ኪሎ

መመሪያውን አጥፍቻለሁ፣ ለልጁም እንዳይልክ ነግሬዋለሁ። ሐሳቤን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ መግቢያው ሎምባና ምርኮው። ቀጥሎ ራዳር ማብራትና ማጥፋት ከነአንቴናው። ተኳሹ እስከ መጨረሻው ይከታተላል። ስድስት ሚሳኤል ብቻ፣ ሲያልቅ አቅራቢ መኪና ይመጣለታል። እየሄደ ይተኩሳል። ካልተቻለ ስትሬላ-1።

መልስ ፦ ሉሲ ጌመር

«እየሄደ ይተኩሳል» የሚለውን አውጣው። ኦሳ እየሄደ መፈለግ ይችላል፣ ለመተኮስ ግን ለአጭር ጊዜ መቆም አለበት። አቅራቢውንም ተጫዋች ይንዳው፣ በራሱ እንዳይመጣ። መሙላቱ 5 ደቂቃ ገደማ ይፍጅ። እኔ ደግሞ ያንን መኪና መንገድ ላይ ልፈልገው። ሲሞከር ጥሩኝ፣ በሚራዡ በኩል ነኝ።