የዳግላስ ርስት ለማን ይገባ ነበር? (ክርክር)

ጥያቄ አንሺው፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክራችን ስለ ስኮትላንዶቹ ዳግላሶች ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ነሐሴ 1388 ላይ ሁለተኛው የዳግላስ መስፍን ጄምስ ኦተርበርን በተባለ ቦታ ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ ወደቀ፤ ድሉ ግን የጦሩ ሆነ። ከሕጋዊ ሚስቱ ወራሽ አልተወም። እህቱ ኢዛቤላ አለች፣ ከጋብቻ ውጭ የወለዳቸው ሁለት ወንዶች ልጆችም አሉ። ርስቱን ግን የወሰደው የአባቱ የአጎት ልጅ፣ «ኮስታራው» አርቺባልድ ነው። እሱ ራሱ ዲቃላ! እኔ ነጠቃ ነው ባይ ነኝ።

ባለ ሰነዱ፦
ወንድሜ፣ ቀስ በል። በ1342 ንጉሥ ዳዊት 2ኛ የዳግላስን መሬት ለጄምስ አባት ለዊሊያም ሲያጸናለት የወራሾቹም ተራ አብሮ ተጽፏል። መጀመሪያ የዊሊያም ወንድ ዘር፣ እሱ ቢቋረጥ ዘመዱ የሊድስዴሉ ዊሊያምና ወንድ ዘሩ፣ ያም ቢቋረጥ የዊሊያም አጎት የሰር ጄምስ ልጅ፣ ይኸው አርቺባልድ። የሊድስዴሉን ሰውዬ በ1353 ራሱ የጄምስ አባት ዊሊያም ገደለው፤ ወንድ ልጅም አልተወም። ስለዚህ ተራው የአርቺባልድ ነው። ዲቃላ ነው የምትለው ነገር እዚህ አይሠራም፤ ሰውየው የተጠራው በስሙ ነዋ።

የጎጃሟ፦
ጥሩ፣ ሰነዱን ተቀበልኩ። ግን የ1342ቱ ወረቀት የሚያወራው ስለ መሬት ነው። የዳግላስ መስፍንነት የተፈጠረው በ1358 ነው፣ ከ16 ዓመት በኋላ! በእኛ አነጋገር መሬቱ ርስት ነው፣ ማዕረጉ ሹመት ነው። ያልተፈጠረ ማዕረግ በቀድሞ ወረቀት እንዴት ይወረሳል? ደግሞ ሴት አትወርስም እንዳትሉኝ። ይህችው ኢዛቤላ ማር የተባለውን አገር መስፍንነት ከእናቷ ወርሳለች። እኛም ጋ እኮ ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠራል።

ባለ ሰነዱ፦
እህቴ፣ ማር ሌላ ዳግላስ ሌላ። በማር በኩል ለወንድ ዘር ብቻ የሚል ገደብ አልነበረም፣ በዳግላስ መሬት ግን አለ። ስለ ማዕረጉ ያነሳሽው ግን ከባድ ነው፣ አልክድም።

ታዛቢ፦
ሁላችሁም ዳኛው ማን እንደነበር ረስታችኋል። የኢዛቤላ ባል ማልኮም ድራመንድ እህቱ የአልጋ ወራሹ ሚስት የሆነችለት ሰው ነው። አልጋ ወራሹ በሽማግሌው ንጉሥ በአባቱ ፈንታ አገር ያስተዳድር ነበር። ፈረስ ረግጦት ተጎዳና በታኅሣሥ 1388 ሥልጣኑን ታናሽ ወንድሙ የፋይፍ መስፍን ወሰደበት። አርቺባልድ ደግሞ የፋይፍ ወገን። በሚያዝያ 1389 ሆሊሩድ በተባለ ቦታ የአገሪቱ ጉባኤ ለአርቺባልድ ፈረደ። አምስት ወር እንኳ አልሞላም! አልጋ ወራሹ ባይወርድ ኖሮ ያ ወረቀት ከሣጥን ይወጣ ነበር?

ዘር ቆጣሪ፦
ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ። የአርቺባልድ አባት እኮ የንጉሥ ሮበርት ብሩስን ልብ ተሸክሞ ሲጓዝ በ1330 ስፔን ላይ የሞተው ሰር ጄምስ ነው።
ዲቃላነትን የምታነሱ ደግሞ ጆርጅን አትርሱ። የሟቹ ጄምስ ወንድም ነው፣ አባታቸው ከአንገስ ባለርስት ከማርጋሬት ስቱዋርት ከጋብቻ ውጭ የወለደው። እናቱ በዚያው በ1389 የአንገስን መስፍንነት ለቃለት «ቀይ ዳግላስ» የተባለው ቤት ከእሱ ተነሣ። የአርቺባልድ ዘሮች «ጥቁር ዳግላስ» ተባሉ። በ1455 ንጉሡ ጥቁሮቹን ሲነቅል ቀዮቹ ከንጉሡ ጋር ነበሩ፣ የዳግላስን መሬትም በኋላ አገኙት።

የጎጃሟ፦
የወንድ ዘር ገደቡ ራሳቸውንም አስጨንቋቸዋል። በ1440 ስድስተኛው መስፍን ከወንድሙ ጋር ኤድንብራ ቤተ መንግሥት አንገቱ ሲቀላ፣ መስፍንነቱ ለአያቱ ወንድም ሲሄድ ጋሎዌይ የተባለው መሬታቸው ግን ለእህቱ ለማርጋሬት ደረሰ። መሬቱን መልሰው ለመግጠም የዚያን ሰው ልጅ ለልጅቷ ዳሩላት። ሴት አትወርስም ብሎ፣ ኋላ ለመሬቷ ሲባል ማግባት!

ጥያቄ አንሺው፦
ስለ መሬቱ ተረትቻለሁ። ስለ ማዕረጉ ግን የጎጃሟ ጥያቄ አልተመለሰም።

ታዛቢ፦
እኔ የማዝነው ለኢዛቤላ ነው። ያለ ክርክር የእሷ የሆነው ማር እንኳ አልቀረላትም። ባሏ በ1402 ከሞተ በኋላ፣ በ1404 አሌክሳንደር ስቱዋርት የሚባል ሰው ኪልድራሚ የተባለውን የማር ግንብ ይዞ አገባት፤ የማር መስፍንም ተባለ።