በኒውዮርክ የተቀረጸው የሙላቱ ሸክላ የእኛ ነውን?

የክርክሩ ነጥብ፦ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበም የተቀረጸው በኒውዮርክ ሲሆን፣ አብረውት የተጫወቱትም በአብዛኛው የውጭ ሙዚቀኞች ናቸው። ይህ አልበም የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅርስ ተብሎ በትምህርት ቤቶቻችን ሊሰጥ ይገባዋልን? የድሬዳዋና የሐረር የሙዚቃ ወዳጆች ሐሳባችሁን አቅርቡ።

ከሳቢያን (ድሬዳዋ)፦ አይገባውም ባይ ነኝ። ውበቱን አልክድም፤ ነገር ግን ቅኝት፣ ማለትም ዜማችን የሚሄድበት የድምፆች አሰላለፍ፣ በክራርና በማሲንቆ ላይ በጆሮ የሚገኝ ነገር ነው። የክራር ተጫዋች ክሩን ጠበቅ ወይም ላላ አድርጎ የሚያገኛት፣ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል የምትገኘው ድምፅ ሙላቱ በሚጫወተው ቫይብራፎን፣ በመዶሻ በሚመታው ባለ ብረት ቁልፍ መሣሪያ፣ ላይ የለችም። ኮንጋ የሚባለው ከበሮ ከላቲን፣ «ዋ-ዋ» የሚያሰኘው የጊታር ድምፅ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ቅርስ የምንል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1974 በአምሃ ሪከርድስ የታተመው የራሱ የሙላቱ አልበም «የካቲት» ይቅደም፤ እሱን አዲስ አበባ ላይ የአገር ልጆች ተጫውተውታል።

ከከዚራ (ድሬዳዋ)፦ የሳቢያኑ ወንድሜ ስለ ክራሩ የተናገሩት እውነት ነው፤ ከዚያ በተረፈ ግን አልስማማም። ሙዚቃን በተጫዋቾቹ ፓስፖርት የምንለካ ከሆነ ለገዛ ከተማችን ምን እንላለን? ዓሊ ቢራ ዑድ ይዞ በአፋን ኦሮሞ ሲዘፍን ያደገው እዚሁ ድሬ ነው፤ ዑዱ የአረብ ነውና ዘፈኑ የእኛ አይደለም ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም። መታየት ያለበት ዋናው ዜማ በማን ሕግ እንደሚሄድ ነው። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1966 እዚያው ኒውዮርክ ያስቀረጻቸውን ሁለቱን «አፍሮ ላቲን ሶል» አልበሞች ከ1972ቱ ጋር አከታትሎ ያዳመጠ ሰው ልዩነቱን ይሰማዋል። በፊተኞቹ የላቲኑ ምት ይመራል፣ የእኛ ዜማ ይከተላል፤ በኋለኛው ግን ባለ አምስት ድምፁ ቅኝት ከላይ ሆኖ ኮንጋውም ቫይብራፎኑም ለእሱ ያድራሉ። ከሥር ያለው ኅብረ ድምፅ (አብረው የሚሰሙት ድምፆች) የፒያኖውን አሥራ ሁለቱንም ድምፆች የሚጠቀም ሆኖ ሳለ፣ ያ ሁሉ ክምር ቅኝቱን አለመዋጡ ለእኔ የአልበሙ ትልቁ ሥራ ነው፤ ባሕር ማዶ በተማሩ ብዙ አቀናባሪዎች እጅ ቅኝት እንደ ጌጥ ብቻ ቀርቶ ሰምተናልና።

አንድ የቤቴን ነገር ልጨምር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ኩሉን ማን ኳለሽ» የሚለውን የዚህን አልበም ሥራ ከፍቼ ነበር። ቃል የለውም፤ መሣሪያ ብቻ ነው። እናቴ በረንዳው ላይ ቡና ትቆላ ነበርና ሳታስበው የብረት ምጣዱን በዜማው ልክ እያወዛወዘች ቃሉን ታወጣ ጀመር። ማን እንደተጫወተው፣ የት እንደተቀረጸ አታውቅም፣ ጠይቃኝም አታውቅም። ቡናው ሲያር ነው ዝም ያለችው።

ከጀጎል፦ በሐረር ግንብ ውስጥ የሚኖር ሰው የመጣውን ነገር ሁሉ ወደ ቤቱ ልማድ መመለስ ያውቃልና የከዚራውን አሳብ እደግፋለሁ። ሆኖም ተማሪው ከቅኝቶቹ አንቺ ሆዬን ከአምባሰል፣ ባቲን ከትዝታ ሳይለይ ይህን አልበም ብናሰማው የሚገባው ምቱ ብቻ ይሆናል።

ከሳቢያን፦ በ1966ቱና በ1972ቱ መካከል የታየው ልዩነት አሳማኝ ነው፤ ሁለቱን አከታትዬ አድምጬ ስለማላውቅ ይህን ክፍል እቀበላለሁ። የእናትዎ ነገር ግን ለእኔ ሙግት ይረዳል እንጂ አይጎዳም፤ ቃሉን የሰጡት እሳቸው ናቸው፣ ዜማውንም ከሠርግ ቤት ይዘውት እንጂ ከሸክላው አልተማሩትም። የዛሬ ልጅ ያንን ሠርግ ቤት አያውቀውም። ስለዚህ በክፍል ውስጥ አንድ የክራር ተጫዋች አስቀድሞ ይቀመጥ፣ ዘፈኑንም በቃሉ ይጫወተው፤ ሸክላው ከዚያ በኋላ ይከፈት። በዚህ ቅደም ተከተል ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ፤ ያለዚያ ግን አሁንም አይገባውም ባይ ነኝ።