«ኪሎ ምራቂ የለውም»፦ ምራቂ ከየት መጣ?

የኮቺ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሐሙስ ዕለት ጅማ መርካቶ ቡና ልገዛ ወጣሁ። ደንበኛዬ የሆኑት እናት ድሮ በጣሳ ነበር የሚሰፍሩልኝ፤ አሁን ሚዛን ገዝተዋል። 2 ኪሎ ሲመዝኑልኝ መርፌው ትንሽ አለፍ አለ። ጥቂት ፍሬ ቆንጥረው ወደ ጆንያው መለሱ። እንደ ልማዴ «እማማ፣ ይመርቁልኝ እንጂ» ስላቸው «ኪሎ ነው ልጄ፣ ኪሎ ምራቂ የለውም» አሉኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ለሱቃችን «5 ኪሎ ለገዛ 100 ግራም...» የሚል ማስታወቂያ ልለጥፍ ነው። ምራቂ ልበል፣ ምርቃት፣ ወይስ ጭማሪ?

ፊደል ቆጣሪ፦ ጭማሪ እንዳትል። ሰው ዋጋ ጨመሩ ብሎ ይሸሻል። ምራቂ «መረቀ» ካለው የወጣ ነው። ሻጯ ሰፍራ ስታበቃ አፏ ይመርቃል፣ እፍኟ ይጨምራል።

አባ ሰዋስው፦ ሥሩን አልነካኸውም ወንድሜ። ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ እንትፍ የሚለው ለምን ይመስልሃል? በግእዝ «ወረቀ» ተፋ ማለት ነው። ምራቅ ከዚያ ወጣ፤ ምርቃትም ምራቂም ከምራቅ።

ፊደል ቆጣሪ፦ የኔታ ይቅርታ፣ «ምራቅ» ላይ ራ ይላላል፤ «መረቀ» ላይ ረ ይጠብቃል። ግእዙ ለምርቃት «ባረከ» አለው። በ ወደ መ፣ ከ ወደ ቀ ሄደው ነው መረቀ የሆነው።

አባ ሰዋስው፦ በ ወደ መ በምን ተሳፍሮ ሄደ? ማጥበቅና ማላላት ለእኔ? እኔ ቅኔ ስቆጥር አንተ ገና ፊደልም አልቆጠርክ።

ቡና ጠጡ፦ ምርቃናስ? ከጫት በኋላ የሚመጣውን ማን መረቀው? ጅማ ሆነን ይሄን መዝለል ነውር ነው 😄

ሰምና ወርቅ፦ ኪሎውን ረሳችሁት። ኪሎ በግሪክ ሺህ ነው። «2 ኪሎ ስጭኝ» ስንል 2 ሺህ ምን? ግራሙን ውጠነዋል። ደግሞ ሴትየዋ ትክክል ናቸው። እስከ ግንቦት 2011 ዓ.ም. ድረስ የዓለም ኪሎ ፓሪስ አጠገብ የተቆለፈበት አንድ የብረት ድብልቅ ነበር። ከቅጂዎቹ ጋር ሲመዘን 50 ማይክሮግራም ያህል ልዩነት ተገኘና ሳይንቲስቶች እንቅልፍ አጡ። ለዚያች ቅንጣት እንዲህ የተጨነቀ መለኪያ ምራቂ ከየት ያመጣል? ሜትርም ያው ግሪክ ነው።

አባ ሰዋስው፦ ሜትርስ የእኛ ነው! «መተረ» ቆረጠ። መስከረም 2 «ምትረተ ርእሱ ለዮሐንስ» እያልን የምናከብረው ምን ሆነና? ጨርቅ ሻጭም ለክቶ ይመትራል።

ሰምና ወርቅ፦ በ1790ዎቹ ሜትርን ያወጁት ፈረንሳዮች ግእዝ ማስቀደሳቸውን አልሰማሁም። ግን «3 ሜትር ምተርልኝ» ሲባል ሁለቱ ቃላት እዚሁ ጅማ መጥተው መጋባታቸውን አምናለሁ።

የአጋሮ ነጋዴ፦ እኛ ጋ ሚዛኑ ኪሎ ይላል፣ አፋችን ፈረሱላ። 17 ኪሎ ማለት ነው። አባቴ ቀኑን ሙሉ በ17 ሲያካፍል ይውላል። ፈረስ የሚጭነው ስለሆነ ነው ስሙ።

ፊደል ቆጣሪ፦ 17 ኪሎ ብቻ የሚጭን ፈረስ ፍየል ነው። ዛንዚባርም ቅርንፉድ በፈረሱላ ይሸጥ ነበር። ከዓረብ ነጋዴ ጋር በባሕር የመጣ ቃል ነው።

እቴነሽ፦ ወንዶች፣ ሴትየዋን ማን ሰማ? ጣሳ ይነቀነቃል፣ በመዳፍ ይጠቀጠቃል፣ ከአፉ በላይ ይቆለላል። ወንጌሉም «የተነቀነቀና የተትረፈረፈ መስፈሪያ» ያለው ይሄንኑ ነው። ሚዛን ብትነቀንቁት መርፌው ይርገበገባል እንጂ ቡናው አይበዛም። ድሮ ቁልሉ በእጃቸው ነበር፤ ለወደዱት ከፍ፣ ለተከራከራቸው ዝቅ። አሁን መርፌው ለሁሉም አንድ ነው። እኔ እንደገባኝ እያዘኑ ነው የተናገሩት።

ቡና ጠጡ፦ ወይም ዘንድሮ ቡና ተወዷል 😄

የኮቺ ልጅ፦ እሺ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ልጻፍ?

አባ ሰዋስው፦ ቆይ ልጄ። መጀመሪያ ራ ይላላል ወይስ ይጠብቃል የሚለውን እንጨርስ።