የጋዙን ሲስተም ላስፈታው?

ሰላም የድሬ ልጆች። በጋዝም እንዲሄድ የተደረገ ያገለገለ ኮሮላ ገዛሁ። የኋላ ኮፈኑን የጋዝ ሲሊንደር ሞልቶታል፤ ሻንጣ እንኳ አያስገባም። የምነዳው በቤንዚን ነው። መካኒኩ «ሲሊንደሩን ብቻ አውጣና ተገላገል» አለኝ። ይበቃል?

— አቦ አይበቃም! ሞተሩ ጋ ጋዙን በሞተር ውሃ የሚያሞቅ ሬዱሰር አለ። እሱም ይውጣ፤ የውሃ ጎማዎቹም በደንብ ይገጣጠሙ። የኔን አላልተው አስረውት ደንገጎ ዳገት ላይ ፈላ። ከነቤተሰቤ፣ በዚያ ፀሐይ! ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ) ላይ ለጋዙ የተበሳውንም ያስደፍኑ፤ አየር ከሳበ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይረበሻል።

— ጋዙ ሲገጠም የኢንጀክተር (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ሽቦ ተቆርጦ ከሆነ እንደ ድሮው ይቀጠል። ሲሊንደሩ ባዶ ቢመስልም ጋዝ አያጣም፤ ለበያጅ እንዳትሰጡት።

— ወይኔ፣ ጎረቤቴ ለምድጃ ሊያስቆርጠው ጠይቆኝ ነበር! ቅዳሜ ሙሉውን አስፈታለሁ።